ዳባት ላይ በታኅሣሥ ማለዳ አልነሳ ያለው ትራክተር

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ የከፈተው ዳባት አካባቢ ትራክተር የሚያሽከረክር ወጣት ነው። ማሽኑ ፐርኪንስ ሞተር ያለው ማሴ ፈርጉሰን 385 ሲሆን የራሱ አይደለም። ባለቤቱ መተማ ነው ያለው፤ የቆላው ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ደጋ ወጥቶ በኪራይ እንዲሠራ ልኮታል። ቆላ እያለ ቁልፍ ሲነካ ይነሳ የነበረ ሞተር ዳባት ከደረሰ ወዲህ ንጋት ላይ አሻፈረኝ አለ። ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እያቃሰተ ይዞራል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ አካባቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ሲሆን ምንም እንዳልነበረው ይነሳል። ልጁ የጠየቀው ብርዱ ነው ወይስ ሞተሩ አልቋል ብሎ ነው። ገበሬዎቹ ተራ ይዘው ስለሚጠብቁት፣ እስከ ረፋድ መቆም የሰው ተራ መብላት ሆኖበት እንደተጨነቀም ጽፏል።

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ ብዙ ሰው መሃል ላይ ጥሎት ይሄዳል። ለወገራ፣ ለዳባትና ለደባርቅ አሽከርካሪዎች የሚጠቅመው ነገር ተቀብሮ እንዳይቀር መልሶቹን በየተራቸው እተርካለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ የራሴንም ፍርድ አልደብቅም።

1ኛው መልስ ከጎንደር ከተማ የመጣ ነው። ሰላምታውን አስረዝሞ ከሰጠ በኋላ ብርዱ እንደሆነ አረጋገጠለትና ማታ ሞተሩን በጆንያና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኖ እንዲያሳድር መከረው። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ የራሱን ዘዴ ጨመረ። እሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያቆመው፤ ጠዋት ፍሬኑን ለቆ፣ ማርሽ አስገብቶ በመንደርደር ያስነሳል። ይህን ምክር ብዙ ሰው ወደደው። እኔ ግን ሞተሩ ያልተነሳ ትራክተር መሪውም ከባድ እንደሆነ፣ ተሳቢ ካለው ደግሞ የሚያቆመው እንደሌለ ማንም ሳያነሳ በማለፉ ቅር ብሎኛል።

3ኛው መልስ አዘዞ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ክሩን መስመር ያስያዘውም እሱ ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ስንት ቁጥር ነው? ባትሪው ስንት ጊዜው ነው? ሞቶሪኖው ሲዞር ጭስ አለ ወይስ የለም? ስለ ጭሱ የጠየቀበትንም ምክንያት አብራራ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን ሳይቀጣጠል እየተነነ ይወጣል ማለት ነው። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣው ገና አልደረሰም፤ ያኔ የሚፈለገው ሰርባቲዮው (የናፍጣ ጋኑ)፣ ፊልትሮው (ማጣሪያው)፣ ወይ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። ስለዚህ ልጁ ጭስ አለ ካለ፣ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው ኖዝል ይፈታ የሚል ሰው ቢመጣ እንዳይሰማው አስጠነቀቀው። ለዚህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ምስጋና ይገባዋል። ጤነኛ ፖምፓ ተፈትቶ፣ ተበላሽቶ፣ ገንዘብ የተበላበት ስንት ሰው አለ።

4ኛው ከካናዳ አልበርታ ነው፤ እዚያ እርሻ ላይ የሚሠራ የጎንደር ልጅ። የሱ አገር ብርድ ሌላ ዓለም ነው። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ትራክተሩን ማታ በኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ላይ ሰክተው ያሳድሩታል፤ ሞተሩ ውስጥ የተቀበረ ማሞቂያ የራዲያተሩን ፈሳሽ ለብ አድርጎ ያቆየዋል። ናፍጣውም የክረምት ተብሎ ለብቻው ይሸጣል። ተራው ናፍጣ ውስጡ ያለው ሰም ብርድ ሲነካው እየረጋ ፊልትሮውን ስለሚደፍነው ነው። ከዚህ ተነስቶ የዳባቱም ናፍጣ ረግቷል ብሎ ደመደመ።

5ኛው መልስ፣ አሁንም መካኒኩ፣ በአክብሮት አረመው። ዳባት በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ የንጋቱ ብርድ ግን ዜሮ አካባቢ ነው፣ የአልበርታን ያህል አይወርድም። ደግሞም ናፍጣ የረጋበት ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሳና ጥቂት ሠርቶ ትንፋሽ አጥቶ ይጠፋል። የልጁ ሞተር ጭራሹን አይነሳም፣ ናፍጣው ግን እየደረሰ ነው። ዜሮ ላይ የሚረጋ ነገር ካለ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ በየጀሪካኑ የተገለባበጠ ናፍጣ ደግሞ ውኃ አያጣም። ማታ ከማደሩ በፊት የፊልትሮውን ታች ቡሎን ላላ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ ወጪ የለውም። የአልበርታው ልጅ እርማቱን በደስታ ተቀብሎ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲሶ የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣል፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ ደግሞ ግማሹ ይሄዳል። ቆላ ላይ እንደምንም ይሠራ የነበረ ያረጀ ባትሪ ደጋ ሲወጣ የሚጋለጠው በዚህ ነው።

6ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ዘይቱ 50 ቁጥር፣ ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ መተማ ላይ የተሞላ። በማግስቱ ንጋት ሞተሩን ከመሞከሩ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ እንደያዘውና ዘይቱ ጫፉ ላይ እንደ ማር ተንጠልጥሎ አልወርድ እንዳለ ጻፈ። ባትሪው ያለ ሥራ ሲለካ 12.1 ቮልት አሳይቷል፤ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ሞቶሪኖው ሲዞር ከ9 በታች ይወርዳል። ልጁ የተጠየቀውን ሁሉ ለክቶ መምጣቱ ደስ ይላል፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም።

ነገሩ የተበላሸው 7ኛው ላይ ነው። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም፣ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር መሳቢያው አፍ ላይ መያዝ ወይም ኤተር (ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) መርጨት በቂ ነው ብሎ ጻፈ። እሱ ዘንድ ሁልጊዜ ይሠራል። 8ኛው ላይ መካኒኩ ትሕትናውን ጥሎ መለሰ። ኤተር ከናፍጣው ቀድሞ፣ ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየመጣ ሳለ ይፈነዳል፤ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ይሰብራል፣ ፒስቶን ይሰነጥቃል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ያነሳል። መሳቢያው ውስጥ የጋለ ማሞቂያ ካለ ደግሞ እሳቱ ወደ ውጭ ወደ ሰውየው ፊት ነው የሚመጣው። ሰባተኛው ሰው በ9ኛው መልስ መካኒኩን ሥራ ለማግኘት ሰው የሚያስፈራራ አድርጎ ሰደበው። 10ኛው ጣልቃ የገባችው እህት ደግሞ ወንድሟ ዘይት ማጠራቀሚያው ሥር ፍም አስቀምጦ ሲያሞቅ፣ ሞተሩ ላይ የተጠራቀመው የዘይት እድፍ ተያይዞ፣ አጠገቡ የነበረው የገለባ ክምር እንደጋየና ወንድሟም እጁ ተቃጥሎ እስከ ዛሬ ሁለት ጣቶቹን አጣጥፎ መዘርጋት እንደማይችል ጻፈች። ከዚያ በኋላ ስለ ቤንዚንና ስለ እሳት የተከራከረ የለም። እኔም እዚህ ላይ አላለሳልስም፤ ቤንዚን በጨርቅም ሆነ እሳት ከሞተር ሥር ለማንም አይመከርም።

11ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ጸሐፊው የቴክኒክ መምህር ይመስላል። ከሱ በፊት ሰዎች በጨዋታ መሃል ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲታመቅ አይግልም ይሉ ነበር፤ እሱ ይህን አረመ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ከ16 እስከ 18 እጥፍ አጥብቦ ያምቀዋል፣ አየሩ ይግላል፣ የሚረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ይያያዛል። አየሩ ምን ያህል እንደሚግል የሚወስነው ሲገባ የነበረው ሙቀት፣ ምን ያህል እንደታመቀና ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደዞረ እንጂ መሳሳቱ ብቻውን አይደለም። ነገር ግን ዳባት 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 73 በመቶ ገደማ ነው። መተማ ግን ከ90 በመቶ በላይ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው ግፊት በዚያው ልክ ስለሚያንስ ናፍጣው ለመያያዝ ይዘገያል።

ቀጥሎ ሦስቱን ችግሮች አንድ ላይ አገናኛቸው። ወፍራም ዘይት ሞተሩን ይይዘዋል፤ የደከመ ባትሪ ይህን ጥሶ ማዞር አይችልም፤ ሞተሩም ቀስ ብሎ ሲዞር የታመቀው አየር ግለቱን ለቀዝቃዛው የሲሊንደር ግድግዳ አስረክቦ፣ የተወሰነው ደግሞ በፋሻው ጎን ሾልኮ ያልቃል። ስሱ አየር የቀረችውን ዕድል ይጨርሳታል። አንዱ ችግር ብቻውን ቢሆን ሞተሩ ይነሳ ነበር። ለጠያቂው ትክክለኛው መልስ ይህ ይመስለኛል፦ ብርዱ አጋለጠው እንጂ ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ሞተሩም አልቋል ለማለት ገና ነው። ብዙ የደጋ አሽከርካሪ ሞተር አለቀ ተብሎ ለዕድሳት የሚከፍለው ይህን ሳይለይ ነው።

ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክሩ ሌላ ጎዳና ያዘ። አንዱ ብርድ ማለት የከተራ ሌሊት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ማደር ነው አለ፤ ሌላው ዳባትን ያላየ ሰው ስለ ብርድ አያውራ ብሎ መለሰለት። ሦስተኛዋ የሁለቱንም ክርክር ትታ ውርጩ ዘንድሮ የወገራን ባቄላ አበባው ላይ እንደመታው ጻፈች፤ ለዚህም ብዙ ሰው አዝኖ ጸለየላት። ከትራክተር ጋር ባይገናኝም ቦታው ነው፤ ያው ገበሬ ነው ትራክተሩንም የሚጠብቀው።

15ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። አንዱ አያ ብሎ ጠርቷቸው ስለ ድሮው እንዲያጫውቱት ጠይቆ ነበር። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ላይ ቤላሩስ ያሽከረክሩ ነበር። ከቤላሩሶቹ አንዳንዶቹ ለማስነሻ ብቻ የምታገለግል ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነበረቻቸው። እሷ በገመድ ተጎትታ ትነሳለች፤ ከዚያ ትልቁን ሞተር ዘይቱ እስኪላላ ድረስ ሳትታክት ታዞረዋለች። ባትሪ ደከመ የሚባል ጭንቀት አልነበረም። ማታ የራዲያተሩን ውኃ አፍስሶ ማደርም ደንብ ነበር፤ ውኃ ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ይሞሉበታል። የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ መገልበጥ ቴስታታ ማሰንጠቅ መሆኑን አጥብቀው ተናገሩ። አንድ ወጣት ዛሬ ፀረ ብርድ ፈሳሽ እያለ ማን ውኃ ያፈሳል ብሎ ሲያቋርጣቸው፣ ፈሳሹን የሚገዛ ባለቤት ካለ እሰየው ብለው መለሱለት።

16ኛው የእኔ ነው። ቤተሰቦቼ ወገራ ያርሳሉ፣ ይህን ሞተርም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በክሩ ሁሉ፣ መካኒኩ በጨረፍታ ከመንካቱ በቀር፣ ማንም ያላነሳው ነገር ስለነበረ ነው የጻፍኩት። ይህ ዓይነቱ የፐርኪንስ ሞተር በየሲሊንደሩ ካንዴሊታ (የሚግል ማሞቂያ) የለውም፤ በምትኩ አየር መግቢያ ማኒፎልዱ ላይ አንዲት አውራ ጣት የምታህል ማሞቂያ አለችው፣ ቴርሞስታርት የምትባል። አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦና አንድ ቀጭን የናፍጣ ቱቦ ይገቡባታል። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ቦታ ዞሮ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሲያዝ ውስጧ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ቫልቯ ይከፈታል፣ ጠብ ጠብ የምትለው ናፍጣ እዚያው ትያያዝና ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ታሞቀዋለች። መሥራቷን ማወቅ ቀላል ነው፤ ቁልፉን ይዞ ቆይቶ ማኒፎልዱን በእጅ መንካት ነው። ልጁ ሄዶ እንዲያያት ለመንኩት፤ ኤተር አጠገቧ እንዳይደርስም ደገምኩለት።

17ኛው ላይ ልጁ ፎቶ ይዞ መጣ። ቴርሞስታርቷ በቦታዋ አለች፤ ሽቦዋ ግን ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ቀጭኗ የናፍጣ ቱቦም ጫፏ በመዶሻ ተደፍጥጦ፣ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ተዘግቷል። አቧራውና ዘይቱ ላዩ ላይ መድረቁ የቆየ ሥራ እንደሆነ ያሳያል።

18ኛው ተናደደ፣ ንዴቱንም ደበቅ አላደረገም። የቆላ ባለሀብት ደጋን የማሽን መጣያ አድርጎታል፣ ጎማው የተላጨ፣ ሽቦው የተቆረጠ ትራክተር እየላከ የደጋን ገበሬ በሰዓት ያስከፍላል የሚል ነበር። 19ኛው ከመተማ መለሰ። እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ማሞቂያዋን የሚፈልጋት የለም፤ ቫልቯ አርጅታ ማንጠባጠብ ከጀመረች ደግሞ ናፍጣ ሳያስፈልግ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ስለዚህ መካኒክ ዘግቶ ይተዋታል። ይህ ተንኮል አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ግን የተዘጋ ነገር ማሽኑ ወደ ደጋ ሲላክ ሊነገር ይገባ ነበር፤ አሽከርካሪው ሳያውቅ ተልኮ ማለዳ በሰው ፊት መቆሙ አግባብ አይደለም። 20ኛውና 21ኛው ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ተናከሱ። አንደኛው አሽከርካሪው ከኪራዩ ላይ ይቀንስ አለ፣ ሌላዋ ከአበሉ ሌላ የሌለው ልጅ የሰው ባትሪ አይገዛም ብላ ተቃወመች። እኔ ከሷ ጋር ነኝ።

22ኛው ሌላ የተሳሳተ ምክር ይዞ መጣ፤ ናፍጣው ላይ ነጭ ጋዝ መቀላቀል። የአልበርታው ልጅ ራሱ ነው ያረመው። ነጭ ጋዝ ናፍጣ እንዳይረጋ ያግዛል፣ በሱ አገርም አንዳንዴ ይደረጋል፤ ግን ማለስለሻነቱ ስለሚያንስ ፖምፓውን ይፈጫል። ናፍጣው ባልረጋበት አገር ፖምፓን ለምን ይጎዳሉ?

23ኛው የልጁ ነው። ባለቤቱ ከብዙ ክርክር በኋላ ገንዘብ ልኳል። 50 ቁጥሩ ዘይት ወጥቶ 15ደብሊው-40 ገብቷል፤ የፊተኛው ቁጥር ለብርዱ፣ የኋለኛው ለጋለው ሞተር ነው፣ ስለዚህ ተመልሶ ቆላ ቢወርድም ውኃ ይሆናል የሚል ስጋት አያስፈልግም። ሽቦው ተቀጥሏል፣ ቱቦው በአዲስ ተተክቷል፣ የባትሪው ካቮዎች (ወፍራም ገመዶቹ) ጫፋቸው ተፍቆ ጠብቋል። ባትሪው ግን አልተለወጠም፤ ባለቤቱ እሱን በሚቀጥለው ብሏል። ልጁ ማታ ማታ ባትሪውን ፈትቶ ቤት ውስጥ ያሳድረዋል። ማሞቂያዋን ይዞ ቆይቶ ሲያዞረው ሞተሩ ትንሽ ነጭ ጭስ ተፍቶ ይነሳል። መካኒኩ እንደተነሳ ወዲያው ነዳጅ እንዳይረግጥበት፣ ዘይቱ ሁሉም ቦታ እስኪደርስ በዝግታ እንዲተወው አሳሰበው። ባትሪው ካልተለወጠ ሞቶሪኖውም እንደሚቃጠል ለባለቤቱ እንዲነግረው አከለ።

24ኛው አዲስ ጠያቂ ነው፤ ከደባርቅ። የሱ ትራክተር ሞቶሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ጭስ ግን ጨርሶ የለም። ዘይት ልቀይር ወይ ብሎ ጠየቀ። 25ኛው ላይ መካኒኩ ዘይቱን እንዳይነካ፣ መጀመሪያ የፊልትሮውን ውኃ እንዲያፈስ፣ ከዚያ በእጅ መምቻው ናፍጣ እየገፋ የፊልትሮው ላይኛ ቡሎን ላይ አረፋው እስኪያልቅ አየሩን እንዲያስወጣ ነገረው። ከደባርቅ መልስ ገና አልመጣም።